ደም ውስጥ የቀረው፦ የአንዲት የኮምቦልቻ ታካሚና የጨጓራ ባክቴሪያ ሊፖፕሮቲኖች ጉዳይ

ታካሚዋ የ52 ዓመት የኮምቦልቻ ነዋሪ ናቸው። ጉልበታቸውን የጨረሱት በጨርቃ ጨርቅ ማሽን ፊት ቆመው ሲሆን የጡረታ ጊዜያቸው ሳይደርስ ሥራውን ትተው ቤት ውለዋል። ስማቸውን፣ የሠሩበትን ፋብሪካና የታከሙባቸውን ክሊኒኮች አልጠቅስም፤ ጉዳዩ እንዲጻፍ የፈቀዱትም በዚሁ ስምምነት ነው። ወደ ደሴ የመጡት አንድ ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዘው ነበር፤ የማዘዣ ወረቀቶች፣ የላቦራቶሪ ውጤቶች፣ ያለቁ መድኃኒቶች ባዶ ካርቶን። የላቦራቶሪ ወረቀቶቹ በተለያየ ቤትና በተለያየ ወር የተጻፉ ቢሆኑም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ኤች ፓይሎሪ፣ ፖዘቲቭ።

ሕመማቸው በአካባቢያችን በየቤቱ የሚታወቅ ነው። ከእምብርት በላይ ያቃጥላቸዋል፤ ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ጠዋት ያቅለሸልሻቸዋል። ተልባውንም አብሹንም ሞክረዋል። ያለፈውን ረመዳን ጾመው መጨረስ አልቻሉም። ስለ ሕመሙ ሲነግሩን የጸና የነበረው ድምፃቸው ስለ ጾሙ ሲያነሡ ተሰበረ።

ሦስት ጊዜ ሙሉ ሕክምና ወስደዋል። በየጊዜው የታዘዘላቸው ተመሳሳይ ነው፦ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን፣ ለ14 ቀናት። የመጀመሪያውን ሲጨርሱ ሕመሙ ቀለል ብሎላቸው ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመለስባቸው ደማቸው ተመረመረ፤ ፖዘቲቭ ሆነ፤ መድኃኒቱ ተደገመ። ከዚያም ሠለሰ። ከሦስተኛው በኋላ ተቅማጥ ያዛቸው፤ አፋቸው ውስጥ ነጭ ፈንገስ ወጣ፤ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፋ። የመድኃኒቱን ዋጋ በየጊዜው የላከችው አረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ ልጃቸው ናት።

ወረቀቶቹን አገላብጠን ሳንጨርስ የጠየቁን ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ልጄ፣ ባክቴሪያው ደምሽ ውስጥ ገብቷል አሉኝ። ከደም ውስጥ በምን ይወጣል?»

ይህን አባባል በደሴም በኮምቦልቻም ከብዙ ታካሚዎች እሰማዋለሁ። ሰው በመስማቱ ብቻ ይፈራል፤ ደም ውስጥ የገባ ነገር የማይድን ይመስለዋልና። አባባሉ ስሕተት ነው። ስሕተት የሆነበትን ምክንያት በደንብ ለማስረዳት ግን ባክቴሪያው ፕሮቲኖቹን እንዴት ሠርቶ የት እንደሚያስቀምጣቸው መናገር ያስፈልጋል። በማስተማሪያ ክፍል ብቻ የሚነገር የሚመስለው ይህ እውቀት በዚህች ሴት ጉዳይ ላይ የሕክምናውን አቅጣጫ የለወጠ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባክቴሪያው የሚኖርበት ቦታ

ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ፣ በአጭሩ ኤች ፓይሎሪ፣ ደም ውስጥ አይኖርም። መኖሪያው የጨጓራን ግድግዳ የሚሸፍነው የሚያሙለጨልጭ ንፍጥ ነው። በአንድ ጫፉ ላይ ባሉት ጭራዎች እየዋኘ ከአሲዱ ይሸሽና ወደ ሕዋሳቱ ይጠጋል፤ ዩሪያስ በተባለው ኢንዛይሙ ዩሪያን ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለወጠ በዙሪያው ያለውን አሲድ ያረክሳል። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ይህን ባክቴሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያበቀሉት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። በጨጓራ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር አይችልም ይባል በነበረበት ዘመን ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሟል። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1994 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ ፍርሃቱ መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ባክቴሪያው በእርግጥ ካለ መጥፋት አለበት። ጥያቄው አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ፕሮቲኑ ስብ ለብሶ ከግድግዳው የሚጣበቀው እንዴት ነው?

ኤች ፓይሎሪ ሁለት ሽፋኖች አሉት። አንዱ የውስጥ ሽፋን ነው፤ ሌላው ከእኛ ሕዋሳት ጋር የሚገናኘው የውጭ ሽፋን። በሁለቱ መካከል ፔሪፕላዝም የሚባል ውሃማ ክፍተት አለ። ሁለቱም ሽፋኖች የስብ ንጣፍ ስለሆኑ ተራ ፕሮቲን እንዲሁ ቢለቀቅ በውሃው ክፍተት ይንሳፈፋል እንጂ አይጣበቅም። ባክቴሪያው ለዚህ ያለው መፍትሔ የሚያስደንቅ ነው፦ ከፕሮቲኑ አንድ ጫፍ ላይ ስብ ይተክልበታል። ስቡ ሽፋኑ ውስጥ ይሰምጣል፤ ፕሮቲኑ ከውጭ ተንጠልጥሎ ይሠራል። ሊፖፕሮቲን ማለት ይህ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ከኮሌስትሮል ምርመራ ጋር ከሚያውቀው በሰው ደም ውስጥ ስብ ከሚያመላልሰው ሊፖፕሮቲን ጋር እንዳያምታታው፤ ሁለቱ ስም እንጂ ሥራ አይጋሩም።

ስለ አሠራሩ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ኢ ኮላይ ከተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ነው። በ1969 ቮልክማር ብራውንና የሥራ ባልደረባው በኢ ኮላይ ላይ የመጀመሪያውን እንዲህ ያለ ፕሮቲን ገለጹ፤ ያ ፕሮቲን በኋላ እንደታወቀው ከባክቴሪያው ፕሮቲኖች ሁሉ በቁጥር እጅግ ከሚበዙት ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ አሥርት ዓመታት ሂደቱ ደረጃ በደረጃ ተፈታ።

ፕሮቲኑ መጀመሪያ የሚሠራው በሕዋሱ ውስጥ ነው፤ በፊቱ 20 ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት መሪ ቁራጭ አለው። መሪው ፕሮቲኑን ወደ ውስጠኛው ሽፋን ያደርሰዋል፤ ያሻግረዋልም። መሪው በሚያልቅበት ቦታ ሁልጊዜ ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ ይገኛል፤ ከእርሱ በፊት ያሉት ሦስቱ አሚኖ አሲዶችም የተወሰነ ሥርዓት አላቸው። ሊቃውንቱ ይህን ምልክት ሊፖቦክስ ይሉታል። የአንድን ባክቴሪያ ሙሉ የዘር መረጃ የያዘ ሰው በኮምፒውተር ይህን ምልክት እየፈለገ የትኞቹ ፕሮቲኖች ስብ እንደሚለብሱ መገመት ይችላል። የኤች ፓይሎሪ የዘር መረጃ በ1997 ሙሉ በሙሉ ተነቧል፤ ርዝመቱ 1,667,867 ፊደል ሲሆን 1,590 ያህል ዘረመሎች ተገምተውበታል።

ከዚህ በኋላ ሦስት ኢንዛይሞች ተራ በተራ ይሠራሉ። ኤልጂቲ የተባለው ከሽፋኑ ራሱ ሁለት የስብ ሰንሰለቶች ያሉትን ቁራጭ ወስዶ በሲስቲኑ ድኝ ላይ ያያይዛል። ኤልኤስፒኤ ሲስቲኑን በመጀመሪያ ቦታ አስቀርቶ መሪውን ቁራጭ ቆርጦ ይጥላል። ቆራጩ ስቡ ካልተያያዘ በቀር አይቆርጥም፤ ቅደም ተከተሉ የሚጠበቀው በዚህ ነው። በመጨረሻ ኤልኤንቲ መሪው በተቆረጠበት ጫፍ ላይ ሦስተኛ የስብ ሰንሰለት ይጨምራል። አሁን ፕሮቲኑ ሦስት የስብ ጭራዎች አሉት፤ ከውስጠኛው ሽፋን ላይም ተተክሏል።

ፕሮቲኑ ተሠርቷል እንጂ ገና ቦታው አልደረሰም። ብዙዎቹ ሊፖፕሮቲኖች የሚፈለጉት በውጭው ሽፋን ነው። ስብ የለበሰ ነገር ደግሞ ውሃን ስለሚሸሽ ብቻውን የውሃውን ክፍተት ማለፍ አይችልም። ሃጂሜ ቶኩዳ የመሩት የጃፓን ቡድን ከ1995 ጀምሮ ያሳየው ይህን ማለፊያ ነው፤ ሎል ይባላል። በኢ ኮላይ ሎል ሲ፣ ሎል ዲና ሎል ኢ የተባሉ ፕሮቲኖች በአንድነት በውስጠኛው ሽፋን ላይ ሆነው ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ጉልበት እያቃጠሉ ሊፖፕሮቲኑን ነቅለው ያወጣሉ። ሎል ኤ የስብ ጭራዎቹን በራሱ ጎድጓዳ ውስጥ ሸሽጎ ክፍተቱን ያሻግራል። በውጭው ሽፋን ላይ የሚጠብቀው ሎል ቢ ይቀበልና ይተክላል።

የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይሻገር የሚለውስ? በኢ ኮላይ ላይ ከሲስቲኑ ቀጥሎ ያለው አሚኖ አሲድ ይወስናል። በ1988 የማሳዮሪ ኢኖዬ ቡድን እንዳሳየው በዚያ ቦታ አስፓርቲክ አሲድ ካለ ፕሮቲኑ በውስጠኛው ሽፋን ይቀራል። ሕጉ ለሁሉም ባክቴሪያ አይሠራም፤ ሱዶሞናስ በተባለው ባክቴሪያ ላይ ወሳኞቹ፣ ሲስቲኑ አንደኛ ተብሎ ሲቆጠር፣ ሦስተኛውና አራተኛው ቦታዎች ናቸው። ከአንድ ባክቴሪያ የተማሩትን ሕግ ወደ ሌላው ዝም ብሎ ማሻገር እንደማይገባ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው በዚህ ምሳሌ ነው።

የኛ የጨጓራ ባክቴሪያ ደግሞ የራሱን መንገድ ይከተላል። ሦስቱም ኢንዛይሞች አሉት፤ ሎል ኤም አለው። በሎል ሲና በሎል ኢ ፋንታ ግን ሎል ኤፍ የተባለ አንድ ፕሮቲን ብቻ ይገኝበታል። ሎል ቢ ደግሞ ጭራሽ የለውም። ተቀባዩ ሳይኖር ፕሮቲኖቹ ወደ ውጭው ሽፋን መድረሳቸው እጅግ ይገርመኛል። በሌላ ባክቴሪያ፣ በካውሎባክተር ላይ፣ ሎል ኤ ራሱ የማሻገሩንም የመትከሉንም ሥራ ሊሠራ እንደሚችል ታይቷል።

ታዲያ እነዚህ ፕሮቲኖች በታካሚ ጨጓራ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። ኤችፒኤኤ የተባለው በባክቴሪያው ገጽና ጭራዎቹን በሚሸፍነው ልባስ ላይ ይገኛል፤ ይህ ፕሮቲን የጎደለው ባክቴሪያ በአይጦች ጨጓራ ውስጥ መደላደል እንዳልቻለ ታይቷል። ኤልፒፒ 20 የውጭው ሽፋን ሊፖፕሮቲን ነው፤ የተያዙ ሰዎች ሰውነት ከሚያውቃቸው የባክቴሪያው ፕሮቲኖች አንዱ ነው። ካግ ቲ ደግሞ ባክቴሪያው ካግ ኤ የተባለውን ጎጂ ፕሮቲን ወደ ጨጓራችን ሕዋስ የሚያስገባበት ግዙፍ መሣሪያ አካል ነው፤ የመሣሪያው የውጭ ሽፋን ክፍል በ14 እጥፍ የተመሣሠለ ክብ መሆኑ በቀዝቃዛ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቷል። ካግ ቲን ያጠፉበት ባክቴሪያ ካግ ኤን ማስገባት አይችልም፤ ሕዋሳቱም ለእብጠት መንስኤ የሚሆነውን ኢንተርሉኪን 8 የሚያወጡት በጣም ቀንሶ ነው። ለዚህ ነው የቦታው ጉዳይ ከፕሮቲኑ መኖር የማያንሰው፤ ካግ ቲ ተሠርቶ በውስጠኛው ሽፋን ቢቀር ለባክቴሪያው አይጠቅመውም፤ እኛንም አይጎዳንም።

ሰውነት የሚያስታውሰው

ባክቴሪያው ከንፍጡ ሳይወጣ ደም እንዴት ይህን ሁሉ ያውቃል? ባክቴሪያው ከውጭው ሽፋኑ ትንንሽ አረፋዎችን ይለቃል፤ ሲሞትም ይፈራርሳል። የሽፋኑ ፕሮቲኖች በዚህ መንገድ ከጨጓራ ግድግዳ በታች ላሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይደርሳሉ። ሊፖፕሮቲን ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ የሚታወቅበት ምክንያት አለው። ቲኤልአር 2 የሚባለው የሕዋሳችን ተቀባይ በትክክል ይህን የስብ ጭራ ያውቃል፤ ሦስት ጭራ ያለውን ከቲኤልአር 1 ጋር፣ ሁለት ጭራ ያለውን ከቲኤልአር 6 ጋር ሆኖ። ሰው ሲስቲን ላይ እንዲህ ያለ ስብ ስለማይተክል ሰውነት ይህን ባየ ጊዜ ባክቴሪያ እንደመጣ ይረዳል። የኤች ፓይሎሪ ሌላው የውጭ ሽፋን ስብ፣ ሊፖፖሊሳካራይድ፣ መከላከያችንን የሚቀሰቅሰው በደካማው ነው፤ ስለዚህ የሊፖፕሮቲኖቹ ድርሻ ከፍ ይላል።

ከዚህ በኋላ ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል፣ ማለትም ባክቴሪያውን ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን፣ ማምረት ይጀምራል። አምራቾቹ ሕዋሳት ጥቂቶቹ መቅኔ ውስጥ ገብተው ለረጅም ጊዜ ይኖራሉ። ባክቴሪያው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም ማምረታቸውን አያቆሙም፤ መጠኑ በዝግታ ይቀንሳል እንጂ። በብዙ ሰዎች ላይ ለወራት፣ በአንዳንዶች ለዓመታት ይገኛል።

በክሊኒኮቻችን የሚሠራው ፈጣን የደም ምርመራ የሚለካው ይህንን ነው። ስትሪፑ ላይ የባክቴሪያው ፕሮቲን ተለጥፏል፤ በታካሚው ደም ውስጥ ያን ፕሮቲን የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ካለ መስመሩ ይወጣል። ባክቴሪያ አላየም፤ የባክቴሪያ ቁራጭም አላየም። ሰውነት በአንድ ወቅት ከባክቴሪያው ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው የሚናገረው። በአገራችን በተደረጉ ጥናቶች ግማሽ ያህሉ ሰው ባክቴሪያው እንዳለበት ስለሚታይ፣ ብዙ ሰው ደግሞ በልጅነቱ ስለሚያዝ፣ የደም ምርመራው በብዙ ሰው ላይ ፖዘቲቭ ቢል ሊያስገርም አይገባም። መድኃኒት ወስዶ የማያውቅ፣ ምልክት ያለው ሰው ላይ ሐኪም ከሌላው መረጃ ጋር አዛምዶ ሊጠቀምበት ይችል ይሆናል። ሕክምና ለጨረሰ ሰው ግን «ድነሃል ወይስ አልዳንህም» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ከሦስቱ ሕክምናዎች በኋላ ሦስት ጊዜ የተጠየቀው ግን ይኸው ጥያቄ ነበር፤ የተጠየቀውም ይህንኑ ስትሪፕ ነው። ወረቀቶቹን በቅደም ተከተል ደርድሬ ይህን ሳይ የተሰማኝን ቁጣ መደበቅ አልፈልግም። እኚህ እናት የከፈሉት በልጃቸው የስደት ገንዘብ ነው።

ለታካሚያችን ይህን ሁሉ በአጭሩ ስንነግራቸው ዝም ብለው ሰሙንና፣ «ዕጣኑ ከጠፋ በኋላ ቤቱ የሚሸተው ዓይነት ነው ማለት ነው?» አሉ። ለሌሎች ታካሚዎች ከዚያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ዛሬም የምጠቀምበት የእርሳቸውን ነው።

የተሠራው ምርመራ

ባክቴሪያው አሁን መኖር አለመኖሩን የሚያሳዩ መንገዶች አሉ። የትንፋሽ ምርመራ ከዩሪያስ ሥራ ይነሣል፤ ምልክት የተደረገበት ዩሪያ ይጠጣና በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል። የሠገራ አንቲጅን ምርመራ የባክቴሪያውን ፕሮቲን በሠገራ ውስጥ በቀጥታ ይፈልጋል። ለእኛ የሚቀርበው ሁለተኛው ነበር።

ለሁለቱም ግን ቅድመ ሁኔታ አለ፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከተወሰደ ቢያንስ 4 ሳምንት ማለፍ አለበት። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ደግሞ ቢያንስ ለ2 ሳምንት መቆም አለባቸው፤ አለዚያ የባክቴሪያው ቁጥር ስለሚቀንስ ምርመራው በሐሰት ኔጋቲቭ ሊል ይችላል። ታካሚያችን የመጨረሻውን ፀረ ባክቴሪያ ከወሰዱ ወራት አልፈዋል፤ ኦሜፕራዞሉን ግን በየቀኑ ይወስዱ ነበር። ማቆሙ ከበዳቸው። እስከዚያ በፈሳሽ አንታሲድ ብቻ እንዲቆዩ ተስማማን፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት በመሆኑ ሳይቸገሩ የሚመለሱበትን ቀን ቆረጥን።

የሠገራ ምርመራው ኔጋቲቭ ሆነ።

በዚህ ብቻ አልቆምንም። ታካሚዋ ከ50 ዓመት በላይ ናቸው፤ የደም ምርመራቸው ደግሞ ደም ማነስ አሳይቷል። በዚህ ዕድሜ ከደም ማነስ ጋር የመጣ የጨጓራ ሕመም ያለ ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራው ከውስጥ ሳይታይ፣ ሊታለፍ አይገባም፤ ባክቴሪያው የለም ማለት ሌላ የሚያሰጋ ነገር የለም ማለት አይደለምና። ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ ያየው በጨጓራው የታችኛ ክፍል ላይ የተበታተኑ ጥልቀት የሌላቸው የተላጡ ቦታዎችን ነው፤ እብጠት ወይም ዕጢ የሚመስል ነገር አልነበረም። ከግድግዳው በተወሰዱት ናሙናዎች ላይም በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ አልታየም።

ታዲያ የላጠው ምንድን ነው?

በመጀመሪያው ቀን የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት እንዳለ ተጠይቀው የለም ብለው ነበር። አልዋሹም፤ ጥያቄው ስለ ጨጓራ መድኃኒት የመሰላቸው ይመስለኛል። በዚህኛው ጊዜ ነርሷ፣ «እትዬ፣ ለወገብዎ ወይም ለጉልበትዎ የሚውጡት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። ወዲያው ከቦርሳቸው የዲክሎፌናክ ሽፋን አወጡ። ማሽን ፊት በቆሙባቸው ዓመታት የጀመራቸው የወገብ ሕመም አለ፤ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ እየገዙ፣ ሲብስባቸው በቀን ሁለት ጊዜ ይወስዱታል። በባዶ ሆድ ጭምር።

ዲክሎፌናክ ሕመምን የሚያስታግሰው ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳይመረቱ በመከልከል ነው። ጨጓራ ደግሞ መከላከያ ንፍጡንና አሲድ የሚያረክሰውን ባይካርቦኔት የሚያመርተው፣ የደም ዝውውሩንም የሚጠብቀው በእነዚሁ ንጥረ ነገሮች ነው። እነርሱ ሲጎድሉ አሲዱ ግድግዳውን ያገኘዋል። ቀስ በቀስ የሚንጠባጠበው ደም ዓይን ሳያየው ደም ማነስ ያመጣል። በመጀመሪያው ሕክምና ቀለል ያላቸውም በዚህ ይገለጻል፦ ኦሜፕራዞል በራሱ የአሲዱን መጠን ቀንሶላቸዋል። ሲጨርሱ ዲክሎፌናኩ ሥራውን ቀጠለ። እኔ በግሌ የማምነው በመጀመሪያው ዙር ባክቴሪያው ጠፍቶ እንደነበር፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ሕክምናዎችም ለሌለ ባክቴሪያ እንደተሰጡ ነው፤ ይህን ወደኋላ ተመልሶ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የወረቀቶቹ ቅደም ተከተል ግን ወደዚያ ያመለክታል።

ዲክሎፌናኩ ቆመ። ለወገባቸው ፓራሲታሞልና በባለሙያ የታየ የአካል እንቅስቃሴ ተሰጣቸው፤ ኦሜፕራዞል ቁስሉ እስኪድን ለ8 ሳምንት፤ ለደም ማነሱ የብረት እንክብል። ሌሊት መቀስቀሱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆመ።

ያለ ፋይዳ የተወሰደ መድኃኒት የሚያስከፍለው

ያልታሰበበት ፀረ ባክቴሪያ ጉዳቱ በአንድ ሰው ሆድ አይቆምም። የክላሪትሮማይሲን መቋቋም በኤች ፓይሎሪ ላይ የሚመጣው ፕሮቲን በሚሠራው የሕዋሱ ክፍል፣ በሪቦዞሙ፣ አር ኤን ኤ ላይ በሚደርስ የአንድ ፊደል ለውጥ ነው፤ ትንሽ ለውጥ፣ መድኃኒቱ ግን ከጥቅም ውጪ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ባወጣው አዲስ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ክላሪትሮማይሲንን የተቋቋመው ኤች ፓይሎሪ ከፍተኛ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው መካከል ነበር። ፀረ ባክቴሪያው የአንጀቱን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም አብሮ ያጠፋል፤ የታካሚያችን ተቅማጥና የአፍ ፈንገስ ከዚህ የመጣ መሆኑ ብዙ አያጠራጥርም።

የሊፖፕሮቲን መንገድ ተስፋ የሚሰጠኝ እዚህ ላይ ነው። ግሎቦማይሲን የተባለ ተፈጥሯዊ ውህድ ኤልኤስፒኤን እንደሚያግድ ከታወቀ አሥርት ዓመታት ሆኖታል፤ ለሰው ሕክምና ግን አልዋለም። በ2024 በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሎላማይሲን የተባለ ውህድ ይፋ አደረጉ። ይህ ውህድ የሎል መንገዱን በውስጠኛው ሽፋን ላይ ያግዳል። በአይጦች ላይ እንደ ኢ ኮላይና ክሌብሲየላ ያሉ በሽታ አምጪዎችን ሲያጠቃ የአንጀቱን ሌሎች ባክቴሪያዎች አልነካም፤ ምክንያቱም የሎል ፕሮቲኖቹ ቅርጽ ከባክቴሪያ ባክቴሪያ ይለያያል። ለኤች ፓይሎሪ የተሠራ መድኃኒት አይደለም፤ የኛ ባክቴሪያ ያለው ሎል ኤፍ ነውና። ነገር ግን ያው ልዩነት ሎል ኤፍን ብቻ የሚያውቅ፣ ጨጓራ ውስጥ ሠርቶ አንጀትን የማይነካ መድኃኒት ሊሠራ ይችላል የሚል ሐሳብ ያጭራል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚሠራበትን ቀን አጥብቄ እመኛለሁ።

ክትትል

በመጨረሻው ቀጠሮ ታካሚያችን ልጆቻቸውን ሁሉ ማስመርመር እንዳለባቸው ጠየቁ። ሕመም የሌለባቸውን ልጆች በደም ምርመራ ማሯሯጥ እንደማያስፈልግ ነገርናቸው፤ ምልክት ያለው ሰው ካለ ግን በሠገራ ምርመራ እንዲታይ። በካርዳቸው ላይ በጉልህ የተጻፈላቸው መመሪያ አለ፦ የኤች ፓይሎሪ የደም ምርመራ አይደገም፤ ካስፈለገ የሠገራ አንቲጅን ብቻ፤ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አይሰጣቸው።

ከስድስት ወር በኋላ ለደም ግፊት ምርመራ ወደ አንድ ሌላ ቤት ሄደው ነበር። ካርዱን አልያዙም። ደማቸው ተወስዶ ከሌሎች ምርመራዎች ጋር ኤች ፓይሎሪም ታየ፤ ፖዘቲቭ ሆነ፤ የሦስቱ መድኃኒቶች ማዘዣ በእጃቸው ተሰጣቸው። አልገዙትም። ወረቀቱን ይዘው ወደ ደሴ መጡ። ኦሜፕራዞል ካቆሙ ወራት አልፈው ስለነበር የሠገራ ምርመራው በዚያው ቀን ተሠራ፤ ኔጋቲቭ ነው። ሕመሙም አልተመለሰም። አራተኛው ማዘዣ ከካርዳቸው ጋር ተያይዞ በፋይላቸው ይገኛል።